«ብፈራስ?» ለምትል ልጅ የመጀመሪያ አዳር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ 8 ዓመቷ ነው። የቅርብ ጓደኛዋ ልደቷን ስታከብር እሷንና ሌሎች ሁለት ልጆችን ቤቷ እንዲያድሩ ጠርታቸዋለች። የቀረን ሁለት ሳምንት ነው። ቀን ቀን በደስታ ምድር አይበቃትም፤ ማታ ግን አልጋዬ ድረስ እየመጣች ‹ብፈራስ? ብትናፍቂኝስ?› ትለኛለች። እስካሁን ያለ እኔ ያደረችው አያቷ ጋ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አልፎ አልፎ አልጋዋ ላይ ትሸናለች። ባለቤቴ ‹ገና ልጅ ናት፣ ይቅርባት› ይላል። ልላካት ወይስ ላስቀራት? ከላክኋትስ እንዴት ላዘጋጃት?»

እህቴ፣ መልሴ «ላኪያት» ነው። ሁለቱን ሳምንት ግን በደንብ ተጠቀሚባቸው።

ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው «ብፈራስ?» በሚለው ላይ ነው። አንቺን ያስጨነቀሽ እሱ ነው፣ እኔን ደግሞ ደስ ያለኝ እሱ ነው። የፈራችውን ነገር አፍ አውጥታ ለትልቅ ሰው የምትናገር ልጅ ሰው ቤት ለማደር የሚያስፈልጋትን ዋና ነገር ይዛለች። እኔ የምሰጋው ለዝምተኞቹ ነው። ቀኑን ሙሉ «ምንም አይመስለኝም» እያለ ውሎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኖ ማንንም ሳይጠራ የሚያለቅሰው ልጅ ነው የሚከብደው።

ዕድሜን በተመለከተ «በዚህ ዓመት ይቻላል፣ በዚያ አይቻልም» የሚባል ቁርጥ ያለ መስመር የለም። ሕፃናት 8 ወር ገደማ ሲሆናቸው ከወላጅ መለየት ያስለቅሳቸው ይጀምራል፣ አብዛኞቹ ወደ 3 ዓመት ሲጠጉ ይረጋጋሉ። ሌሊት ግን የራሱ ጠባይ አለው። ትምህርት ቤት ያለ እናቱ ቀኑን ሙሉ የሚውል ልጅ፣ ሲጨልምና ሲደክመው ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል፤ ይነጫነጫል፣ ይጣበቃል። ስለዚህ የልደቷን ቁጥር ትተሽ ሌላ ነገር ተመልከቺ። ቤት ውስጥ ራሷን ችላ ትተኛለች ወይ? ሌሊት ስትነቃ አንዳንዴም ቢሆን ሳትጠራሽ ተመልሳ እንቅልፍ ይወስዳታል? ብዙም ለማታውቀው አዋቂስ «ውሃ ጠማኝ»፣ «ሽንት ቤቱ የት ነው?»፣ «ሆዴን አመመኝ» ማለት ትችላለች? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢጎድሉ በልምምድ ይሞላሉ። ሦስተኛው ከሌለ ግን አዳሩን ማቆየት ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ሌሊት ላይ ምንም ነገር ቢገጥማት መውጫዋ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አያቷ ጋ ማደሯ ጥሩ ጅምር ነው። የአያት ቤት ግን ሁለተኛ ቤቷ ነው፣ ጓዳውንም ሽታውንም ታውቀዋለች። «እዚያ ስላደረች እዚህም አይከብዳትም» ብለሽ አትደምድሚ።

ደግሞ አዲስ ቦታ ላይ እንቅልፍ እንቢ ማለቱ የልጅ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ጥናት አለ። አዋቂዎችን አዲስ ቦታ አስተኝተው አንጎላቸውን ሲለኩ፣ በመጀመሪያዋ ሌሊት የአንጎላቸው ግራ ክፍል ከቀኙ ቀለል ያለ እንቅልፍ እንደሚተኛና እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ቶሎ እንደሚነቃ አገኙ። ግማሹ አንጎል ዘብ ያድራል እንደማለት ነው። ይሄን ለልጅሽ በልጅ ቋንቋ ንገሪያት። «አዲስ ቤት ስንተኛ ጭንቅላታችን ትንሽ ነቅቶ ይጠብቀናል። ስለዚህ እንቅልፍ ይዘገያል፣ ድምፅ ሁሉ ይሰማሻል። የትልልቅ ሰዎችም እንደዚያ ነው» በያት። ያን ጊዜ በጨለማ ዓይኗ ፈጥጦ ሲቀር «እኔ ብቻ ነኝ የፈራሁት» አትልም፤ «እማዬ ያለችው ይሄን ነው» ትላለች። የሚመጣውን ቀድሞ ማወቅ ልጅን በጣም ያረጋጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ስልኩ። ከልጅሽ ጋር ስለ ስልክ የምትስማሙት ነገር ለእኔ የአዳሩን ግማሽ ይወስናል።

ብዙ ወላጅ «ደስ ካላለሽ ደውዪልኝ፣ ወዲያው መጥቼ እወስድሻለሁ» ይላል። በፍቅር ነው የሚባለው። የልጅ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን ትርጉሙ «ደስ እንደማይልሽ አውቃለሁ፣ አትችዪውም፣ መፍትሔው እኔ ብቻ ነኝ» ይሆናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ናፍቆት ያወጣው ጽሑፍ፣ ልጅ ወደ ካምፕ (ልጆች በዕረፍት ጊዜ ከቤት ርቀው አብረው ወደሚቆዩበት ቦታ) የሚልኩ ወላጆች እንዲህ ያለውን «መጥቼ እወስድሃለሁ» የሚል ውል አስቀድመው እንዳይገቡ ይመክራል። ውሉ ካለ የልጁ ሐሳብ ሁሉ መመለሻው ላይ ይንጠለጠላል፣ ናፍቆቱን በራሱ ለማስታገስ መሞከሩንም ይተወዋል። ካምፕ የብዙ ቀን ጉዳይ ነው፣ የአንቺ የአንድ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ እኔ ያን ያህል ጥብቅ አልሆንም፣ ምክሩ ያለው ቁም ነገር ግን እዚህም ይሠራል።

ሌላው ጽንፍ ደግሞ «ሰው ቤት ነው፣ ሌሊት እየደወልሽ እንዳታሳፍሪኝ» የሚለው ነው። ይሄኛው የባሰ ነው። እንዲህ የተባለች ልጅ ናፍቆቷን ብቻ አይደለም የምትደብቀው፤ የምር ክፉ ነገር ቢገጥማትም አትደውልም።

እኔ የምልሽ ሁለቱን ለይተሽ ንገሪያት። የናፍቆት ስልክ አለ፣ የአደጋ ስልክ አለ። ሕጋቸው የተለያየ ነው።

ናፍቆት ሲመጣ መጀመሪያ የምትሠራው ነገር ይኑራት። አሻንጉሊቷን ማቀፍ፣ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ቤት ስትተኛ የምታስበውን ነገር ማሰብ፣ ጓደኛዋ ካልተኛች ከእሷ ጋር ማውራት፤ ምኑንም ይሁን እሷ ትምረጠው። ካልሆነ ተነስታ ለጓደኛዋ እናት ትንገር። እሱም ካልሠራ ትደውልልሽ። ስትደውል መጀመሪያ ታወሩና ታጽናኛታለሽ፣ ትንሽ እንድትሞክር ትጠይቂያታለሽ፤ ከዚያ ወዲያ «አልቻልኩም» ካለች ሄደሽ ታመጫታለሽ፣ ያለ ቁጣ። ይሄ ስለ ካምፕ «አይባል» ከተባለው ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ነው። «እመጣለሁ» የመጀመሪያው መልስ ሲሆን ልጁን ያሰንፈዋል፣ መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን መጠጊያ ነው።

የአደጋ ስልክ ደረጃ የለውም። ትዕግሥትም ይሉኝታም አያስፈልገውም። አንድ ሰው ያለ ፈቃዷ ከነካት፣ ልብስሽን አውልቂ ካላት፣ ስልክ ላይ የሚያሳፍር ነገር ካሳያት፣ ትልልቆቹ ሰክረው ወይም ተጣልተው ካስፈሯት፣ ወይም ማንም ይሁን ማን «ይሄን ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ካላት ወዲያው ትደውላለች። ሰው አጠገቧ ሆኖ መናገር ካልቻለች ደግሞ አንድ የምስጢር ዓረፍተ ነገር ይኑራችሁ። ለምሳሌ «እማዬ፣ ሰማያዊው ሹራቤን አገኘሽው?» ትልሻለች፤ ሰማያዊ ሹራብ የላትም። አንቺ «እየመጣሁ ነው» ብለሽ ዘግተሽ ትነሻለሽ። ለቤቱ ሰዎች «ድንገተኛ ነገር ገጥሞን ነው» ትያለሽ፣ ጥፋቱ ከእሷ ላይ ይነሳል፤ ምን እንደሆነ የምትጠይቂያት መንገድ ላይ ወይም ቤት ገብታችሁ ነው። ስልክ ቁጥርሽን ደግሞ በቃሏ ትያዘው፣ የራሷ ስልክ ቢኖራትም ባትሪው ሊያልቅ ይችላል።

ይሄን ሁሉ በወሬ ብቻ አትተዪው፣ ተለማመዱት። እኔ ጋ ለሚመጡ ወላጆች የምሰጠው የቤት ሥራ ይሄ ነው። ማታ መብራት አጥፍተሽ መኝታ ቤትሽ ግቢና በሩን ዝጊ፤ አንቺ የጓደኛዋ እናት ነሽ። እሷ ከአልጋዋ ተነስታ በጨለማ መጥታ ታንኳኳና «ይቅርታ እትዬ፣ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ ትንሽ ያጫውቱኝ?» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ትስቃለች፣ ሁሉም ይስቃሉ። እንደገና ስትሞክሩት ታንኳኳለች፣ ግን በሩ ሲከፈት ቃሉ ይጠፋባታል፣ እግሯን እያየች ትቆማለች። ጥሩ፤ ያ ዝምታ እዚህ ይውጣላት፣ እዚያ አይደለም። ደግመው ደጋግመው ሲሉት ድምፃቸው እንዴት እንደሚጠነክር ብታዪ ይገርምሻል። የሹራቡንም ስልክ እንደዚሁ አስደውያት፣ ከሌላ ክፍል ሆና።

የቀሩትን ቀናት ደግሞ በትንሽ በትንሹ ሥሪባቸው። ከተቻለ ይቺው ጓደኛዋ አንድ ቀን እናንተ ቤት ትደር። እንግዳ ሆኖ ማደር ምን እንደሚመስል ልጅሽ ከባለቤትነት ወንበር ላይ ሆና ታየዋለች፤ ጓደኛዋም «መብራቱን ትንሽ ተዪልኝ» ስትል ትሰማለች፣ የሚፈራው ሌላም ሰው መኖሩን ታውቃለች። ካልሆነ አንድ ቅዳሜ እነሱ ቤት እስከ መኝታ ሰዓት ትቆይ፤ ፒጃማዋን ለብሳ፣ ጥርሷን እዚያው ቦርሻ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሽንት ቤቱን፣ የሚተኙበትን ክፍል፣ የእናትየውን መኝታ ቤት በር በብርሃን ማየቷ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ እንደዚያኛው ቤት ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋችሁ አንድ ሁለት ሌሊት ትተኛበት።

ወደ ሽንቱ ልሂድ፤ እንደማየው ከሆነ አንቺንም እሷንም ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራችሁ እሱ ነው። እህቴ፣ ከ5 ዓመት ልጆች ውስጥ ከ100ው 15 ያህሉ ሌሊት አልጋ ላይ ይሸናሉ። 10 ዓመት ሲሞላቸውም ከ100ው 5 ያህሉ ገና አይተውም። ከሚሸኑት መካከል በየዓመቱ ከ100 15 ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና ይተዉታል። ስንፍናም ብልግናም አይደለም። እንቅልፏ ከባድ ሆኖ ፊኛዋ ሲሞላ አትነቃም፤ ወይም ሌሊት ሽንትን የሚቀንሰው ሆርሞን ገና በበቂ አይመነጭም፤ ወይም ፊኛዋ ሌሊቱን ሙሉ መያዝ አልቻለም። የሆድ ድርቀትም ያባብሰዋል፣ ብዙ ወላጅ ይሄን አያስበውም። በዘርም ይሄዳል፦ እናትም አባትም በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ ከአራት ልጆች ሦስቱ ገደማ ይሸናሉ። ስለዚህ ከእናንተ አንዳችሁ እንደዚያ ከነበራችሁ ንገሯት። አባቷ «እኔም እስከ 9 ዓመቴ ነበረብኝ» ቢላት ከእኔ ምክር ሁሉ ይበልጥባታል።

ለአዳሩ ምን ይደረግ? እንደ ፓንት የሚለበስ የሌሊት ዳይፐር አለ፣ በእሷ ልክ ይገኛል። ቤት ውስጥ ቀድማ ትልበሰው፣ ድምፁንና ስሜቱን ትልመደው። በአዳሩ ቀን ፒጃማዋ ውስጥ ጠቅልለሽ፣ ፒጃማውን ደግሞ ውስጡ በማይታይ ቦርሳ አድርጊላት። ፒጃማ ለመቀየር ሽንት ቤት ስትገባ እዚያው ለብሳው ትወጣለች። ፒጃማው ጠቆር ያለና ሰፋ ያለ ይሁን። ጠዋት አውልቃ የምትከተው ጥቁር ላስቲክ፣ መጥረጊያ ሶፍትና ትርፍ ፓንት አብረው ይግቡ። የመኝታ ከረጢት ካላት በራሷ ከረጢት ትተኛ፣ ብትረጥብም የሰው ፍራሽ አይደለም። ከመተኛቷ በፊት ሽንት ቤት ትሂድ፤ ቀን ላይ በደንብ ትጠጣ፣ ምሽት ላይ ይቀንስ፣ ለስላሳ መጠጥ ማታ አይሆንም።

ለጓደኛዋ እናት መንገር አለብሽ ወይ? እኔ አዎ እላለሁ፣ ግን ልጅሽን አስፈቅደሽ። «ለእትዬ ብቻ ልንገራት፣ ልጆቹ አይሰሙም» ብለሽ ጠይቂያት። ሳታውቅ ተነግሮባት ሴትየዋ በፍቅር ዓይን ብታያት እንኳ ይገባታል፣ እምነቷም ይጎዳል። ደስሞፕሬሲን የሚባል መድኃኒት እንዳለም ልትሰሚ ትችያለሽ። ለእንዲህ ዓይነት ሌሊቶች ሐኪሞች ያዙታል፤ ሽንት እንዳይበዛ ያደርጋል። ያለ ሐኪም ግን አይነካም፤ ከመውሰዷ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ከወሰደችው በኋላ 8 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ፈሳሽ በጣም መገደብ አለበት፣ አለዚያ በደም ውስጥ ያለው ጨው በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ደግሞም ቤት ውስጥ ሳይሞከር ለመጀመሪያ ጊዜ የልደት ሌሊት ላይ አይሰጥም፤ ልጆች ሲጫወቱ ውሃ መጠጣታቸው አይቀርም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ልጅሽ ቢያንስ ለ6 ወር ደርቃ ኖራ በድንገት እንደገና የጀመራት ከሆነ፣ ወይም ስትሸና ካቃጠላት፣ ወይም ውሃ ጥም በጣም ከበዛባት አዳሩን ትተሽ ሐኪም አሳያት። የሽንት ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል።

በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድ ወይም የምትጮህ ከሆነም ለቤቱ ሰዎች ይነገር። እንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተኙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው፣ ድካምም ያባብሰዋል። ተደራራቢ አልጋ ካለ ላይኛው ላይ አትተኛ፣ የውጭ በሮችም ይቆለፉ። ብትነሳ ሳይቀሰቅሷት ቀስ አድርገው ወደ አልጋዋ ይመልሷት።

ከጓደኛዋ እናት ጋር የምታደርጊው ወሬ ደግሞ በሜሴጅ የሚያልቅ አይደለም። ደውዪላት፣ ወይም ሄደሽ አግኛት። ማን ማን ቤት እንደሚያድር ጠይቂ፤ ትልልቅ ወንድሞች፣ እንግዳ፣ ዘመድ፣ የሚሠራ ሰው። ልጆቹ የት ይተኛሉ፣ ማን አብሯቸው? እናትየዋ ራሷ ሌሊቱን ሙሉ ቤት ናት? ስልክና ኢንተርኔት ማታ ላይ ምን ይሆናል? የጦር መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ተቆልፎ ነው የተቀመጠው? ውሻ አለ? ይሉኝታ እንደሚይዝሽ አውቃለሁ። ከራስሽ ጀምሪ፦ «የእኔ ልጅ ጨለማ ትፈራለች፣ መብራት ትንሽ ቢተውላት ደስ ይለኛል። ለሁሉም የምጠይቃቸው ጥቂት ነገሮች አሉኝ፣ አትቀየሚኝ።» ጥሩ ወላጅ በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም እሷም የምትጠይቅሽ ይኖራታል። ጥያቄው ካናደዳት ወይም መልሱ እየተሸራረፈ ከመጣ ግን ልጅሽን አትላኪ። ይሄን ያለ ማመንታት ነው የምልሽ። ልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት የሚያደርሱት በአብዛኛው ልጁ የሚያውቃቸውና ቤተሰቡ የሚያምናቸው ሰዎች ናቸው፤ ራሳቸው ገና ልጅ የሆኑ፣ በዕድሜ ከፍ ያሉ ልጆችም አሉበት። «የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው» የሚለው ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ለልጅሽ ደግሞ ሳታስፈራሪ ንገሪያት። የሰውነቷን ክፍሎች በትክክለኛ ስማቸው ትወቅ። የዋና ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ ማንም እንደማይነካ፣ እሷም የማንንም እንደማትነካ፣ ጨዋታ ነው ቢባል እንኳ። የስጦታ ምስጢር ጥሩ ነው፣ በመጨረሻ ይገለጣል፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚባል ምስጢር ግን በእናንተ ቤት የለም። ይሄን በአዳሩ ዋዜማ አታውሪው፤ ዛሬ ወይ ነገ፣ ልብስ ስታጣጥፉ ወይ መንገድ ስትሄዱ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ።

አለርጂ ወይም አስም ካለባት መድኃኒቱ አብሯት ይሂድ፣ አጠቃቀሙም በወረቀት ተጽፎ ለእናትየዋ በእጅ ይሰጥ፣ እየታየ ይገለጥላት። ለከባድ አለርጂ የሚወጋ መርፌ ያላት ልጅ ከሆነች፣ መጀመሪያ መርፌው፣ ወዲያው ደግሞ አምቡላንስ እንደሚጠራ ሳይጠራጠሩ ማወቅ አለባቸው።

በዋዜማው በጊዜ ትተኛ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋሉ፤ ልደቱ ሌሊት ደግሞ ያን እንደማታገኝ ግልጽ ነው። ደክማ የምትሄድ ልጅ ቶሎ ይከፋታል። ቦርሳዋን ራሷ ታዘጋጅ፣ አንቺ አጠገቧ ሁኚ። ዘወትር አቅፋው የምትተኛው ነገር ካለ ይግባ፣ አሮጌም ቢሆን፣ «ትልቅ ልጅ ሆነሽ?» እንዳትያት። ታዋቂው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ልጅ የሚወደው ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት እናቱ በሌለችበት ጊዜ እንደሚያረጋጋው አብራርቷል። እንዲታይባት ካልፈለገች የትራስ ልብስሽን ወይም ያንቺን ሻርፕ ስጫት፣ ማንም አይጠይቃትም።

ስታደርሻት አትቆዪ። እቅፍ፣ ሳም፣ «ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እመጣለሁ»፣ ውጪ። በር ላይ ቆመሽ «እርግጠኛ ነሽ? ትችያለሽ?» ስትያት የምትሰማው ያንቺን ፍርሃት ነው። ያልሽው ሰዓት ላይ ደግሞ ሳታረፍጂ ተገኚ። ማታ «ደህና እደሪ» ለማለት መደወልም ካለብሽ ራት ሳይበሉ በፊት ይሁን። ልክ መተኛ ሰዓት ላይ የሚሰማ የእናት ድምፅ የተረጋጋችውንም ልጅ ያስለቅሳታል።

እኩለ ሌሊት ብትደውልስ? ቀስ ብለሽ፣ በእንቅልፍ ድምፅሽ አውሪያት። «ናፈቅሁሽ አይደል? አንቺም ናፍቀሽኛል። አሁን ምን ሞክረሻል?» በያት። ቀድመሽ «ልምጣ?» አትበያት። ካልረዳት እና ከሄድሽ ግን መኪና ውስጥ ምክር የለም፣ ነገም ወቀሳ የለም፣ ለዘመድ በስልክ እየሳቁ ማውራትም የለም። «እስከ 6 ሰዓት ቆየሽ፣ ያ ብዙ ነው» ይበቃል። ጥቂት ሳምንት ቆይተሽ ደግሞ ቀለል ያለ አዳር ፈልጊላት፤ ከዚያ ወዲያ እያስቀረሻት ከሄድሽ ፍርሃቱ ሥር ይሰዳል።

ጠዋት ስትወስጃት «አለቀስሽ?» ብለሽ አትጀምሪ። «ከሁሉ ያሳቀሽ ምን ነበር?» በያት፤ ከዚያ «የከበደሽስ?»። እንቅልፍ የጠገበ ልጅ ስላልሆነች ያን ቀን ብትነጫነጭ አይግረምሽ፣ ወሬው ማታ ወይ ሁለት ቀን ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። ጠባይዋ ግን ለቀናት ከተለወጠ፣ ከዚያ ቤት ወይ ከዚያ ሰው መሸሽ ከጀመረች፣ ቁጭ ብለሽ በእርጋታ ስሚያት፣ ያለችውንም እመኛት፤ አስፈላጊ ሲሆንም ለባለሙያ አሳያት።

ስለ ባለቤትሽ። «ይቅርባት» ሲል ምኑን እንደፈራ ጠይቂው። አንዳንድ አባት የሚፈራው ለቅሶዋን ነው፣ አንዳንዱ የዚያን ቤት ሰዎች አያምንም። ለቅሶው ከሆነ ይሄን አሳዪው፣ የስልኩን ልምምድ እሱ ይምራው። የቤቱ ሰዎች ከሆኑ ግን የእሱ ሥጋት ይሰማ፤ አብራችሁ ሂዱና አግኟቸው። ከሁሉ የከፋው እናት «ሂጂ» ስትል አባት ፊቱን ሲያጠቁር ልጅ መካከል ላይ መቆሟ ነው። የተስማማችሁበትን አንድ ቃል ሁለታችሁም ንገሯት።

ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ቁርጡን ጠይቂያት። አሁንም ጭንቅ ካላት፣ ወይም ከጓደኛዋ እናት ያገኘሽው መልስ ካልተመቸሽ፣ «እሷ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትቆያለች፣ እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለሽ ለእናትየዋ ንገሪያት፤ ኬኩም ጨዋታውም አያመልጣትም። ከአዳር ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት ከመሄድም፣ ሌላ ክፍል ከመተኛትም፣ ካንቺ ለአፍታ ከመለየትም የሚያስጨንቅ ፍርሃት ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየባት ግን ያ የመጀመሪያ አዳር ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ውሰጃት፣ በቶሎ ሲያዝ በደንብ የሚታከም ነገር ነው።